«ኖቶሪየስ ነኝ» አልኳቸው፦ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ነው የሚያዘው?

ሉክና_ቀለም (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ስለሆነ ቡና የያዘ ሰው ቢያነበው ይሻላል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽዬ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ደብተርና እስክሪብቶ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ በቃ። የተመረቅኩት በማኔጅመንት ነው። ሥራ ፍለጋ ሲሰለቸኝ ሱቋን ከፈትኩ። አሁን ማስተርስ ልማር አስቤያለሁ። የመግቢያ ፈተናው እንግሊዝኛ ግን ያስፈራኛል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡት አንድ ወረቀት አለ። «500 ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው» ይላል። ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም። ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ ከዚያም ላይ ኮፒ እየተደረገ የመጣ ነው። ጠርዙ ጠቁሯል፣ አንዳንዱ ፊደል ተበልቷል። በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል። ለሰው ሳባዛ ለራሴም አንድ አስቀረሁ። ሱቁ ጭር ሲል አወጣውና እሸመድዳለሁ። በቀን 20 ቃል። ባለ 50 ሉክ ደብተር ሁለት ጨርሻለሁ።

ውጤቱን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ፤ ስሙ ይቅር። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሀል ያሉት ሴትዮ በእንግሊዝኛ «ስለ ራስሽ ንገሪን» አሉኝ። ይቺን ተዘጋጅቼባታለሁ። በሰፈሬ በታማኝነቴ የታወቅኩ ነኝ ለማለት ፈልጌ «አይ አም ኖቶሪየስ ኢን ማይ ኮሚዩኒቲ» አልኩ። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት። ወረቀቱ ላይ «ኖቶሪየስ፦ ታዋቂ» ነዋ የሚለው!

በስተቀኝ ያለው ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሴትዮዋ ሲቪዬን አንስተው አፋቸውን ሸፈኑበት። ሦስተኛው «ፎር ዋት?» አለኝ። በምን ማለቱ ነው። እኔም ምንም ሳልጠራጠር «ፎር ማይ ኦነስቲ» አልኩት።

ነገሩ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ስፈልገው ነው። በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ ማለት ነው ለካ! ሌባ፣ ቀማኛ፣ ነፍሰ ገዳይ ነው ኖቶሪየስ የሚባለው። እኔ ግን በታማኝነቴ ስሜ የጎደፈ ነኝ ብያቸው ወጥቻለሁ። ብቻዬን ሳቅኩ። ሆጤ ስደርስ ደግሞ አለቀስኩ። ባጃጅ ነጂው በመስታወት እያየ ምን እንዳሰበ እሱ ያውቃል።

ሥራውን አላገኘሁትም። በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ስከፍት እጄ ይፈራል። ከሸመደድኩት አብዛኛው ሳምንት ሳይሞላው ይጠፋል፤ ያልጠፋው ደግሞ እንዲህ ያዋርደኛል። እናንተ እንዴት ያዛችሁት?

የሙጋድ_ልጅ

ፊልም እይ። ከስር የሚጻፈውንም በእንግሊዝኛ አድርጊው። እኔ የለመድኩት እንደዛ ነው። ፈተናውን ግን አላለፍኩም ሃሃሃ

ሉክና_ቀለም

አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ እኔ ግን የጠየቅኩት ያለፈ ሰው ነበር 😂

የመካኒክ_ልጅ (ኮምቦልቻ)

እህቴ፣ አብሽሪ። በዚህ ቃል የተቃጠልሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ድርሰት ውስጥ አንድ «ኖቶሪየስ አትሌት» ወይ አንድ «ኖቶሪየስ ንጉሥ» አላጣም። ያ ወረቀት እኛም ጋ ደርሷል ማለት ነው። ከአንቺ ሱቅ እንዳይሆን ብቻ!

ጥፋቱ የአንድ ለአንዱ ትርጉም ነው። በአማርኛ እንየው። አንዷን «ሸንቃጣ ነሽ» ብትያት ትስቃለች። «ቀጫጫ ነሽ» ብትያት ትኮራረፋላችሁ። «መንምነሻል» ካልሻት ሐኪም ቤት ሂጂ እንደማለት ነው። ሦስቱም ቀጭን ናቸው። እንግሊዝኛውም ስሌንደር፣ ስኪኒ፣ ኢማሺዬትድ ይላል። ወረቀትሽ ላይ ሦስቱም «ቀጭን» ተብለው እንደተቀመጡ እወራረዳለሁ። ገንዘብ ላይም ያው ነው። ፍሩጋል ቆጣቢ ነው፣ ይመሰገናል። ስቲንጂ ቋጣሪ ነው፣ ይታማል። ስለዚህ ቃል ስትይዢ «ምን ማለት ነው?» ብለሽ አትቁሚ። «ሙገሳ ነው ስድብ?» በይ። እኔ ተማሪዎቼን ከቃሉ አጠገብ ፊት አስላቸዋለሁ፤ የሚስቅ ወይ የተኮሳተረ። ኖቶሪየስ ተኮሳትሯል። ኤሚነንት (ስመ ጥር፣ የተከበረ) ይስቃል፤ ግን እሱም አይሆንሽም ነበር። «እኔ ኤሚነንት ነኝ» የሚል ሰው ያስቃል። «ዌል ኖውን» ትበቃሽ ነበር። ከባዱን ቃል ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መቼ እንደማይነሳ ማወቅ ሌላ።

አሁን ስለ መርሳቱ። የራሴን ልንገርሽ።

አባቴ እዚሁ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ መብራት ያዡ፣ ቁልፍ አቀባዩ እኔ ነበርኩ። አባቴ ከመኪናው ሥር ተኝቶ እጁን ብቻ ያወጣል። «14 ቁልፍ!» አቀብላለሁ። «ካቻቢቴ!» አቀብላለሁ። ተሳስቼ 13 ካቀበልኩ ቁልፉ ወደ እግሬ ተመልሶ ይመጣል። ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው)፣ ኩሽኔታ (የሚሽከረከር ብረት የሚያርፍበት)፣ ካንዴላ (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው)፣ ፖርቶመጋላ (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ)፤ አማርኛ ይመስለኝ ነበር። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ሲቆይ መንገድ ጠርጎ፣ ካሚዮን ነድቶ፣ ጋራዥ ከፍቶ ነበር። እሱ ተባሮ ሲሄድ ቃሉ ጋራዥ ቀረ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። አንድ ቀን የሆነ ግድግዳ ላይ «ፕሊዝ ሪፍሬይን ፍሮም ስሞኪንግ» የሚል ተለጥፎ አየሁ። ሪፍሬይንን አላውቀውም። ጆሮዬ ላይ ግን የሆነ ነገር አቃጨለ። ሪ-ፍሬን። ፍሬን! ላይብረሪ ሄጄ ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ሥሩ ፍሬኑም የሚል የላቲን ቃል ነው፤ ልጓም ማለት ነው። ጣልያኖች ፍሬኖ ብለው መኪና ላይ ገጠሙት። እኛ ፍሬን አልነው። እንግሊዞች ደግሞ ሰው ላይ ገጠሙት፤ ራስህን ግታ፣ ተቆጠብ። እኛስ «አፉ ፍሬን የለውም» እንል የለ? አባቶቻችንም «አፉ ልጓም የለውም» ይሉ ነበር። ሐረጎን በጭነት መኪና ሲወርድ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫውን ያፈነው ሰው ይህን ቃል እንዴት ይረሳዋል? እኔ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሽምደዳ አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ ጋራዡን በሙሉ ፈታታሁት። ፍሪሲዮን ፍሪክሽን ነው፤ ሰበቃ፣ ሁለት ነገር ሲፋተግ። ሰውና ሰው ሲፋተግም ፍሪክሽን ይባላል። ፖርቶመጋላ ላይ ያለው ፖርታ «ተሸካሚ» ነው፤ ፖርተብል፣ ኤክስፖርት፣ ዲፖርት ሁሉ ከዚያ ናቸው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ኩሽን ዘመዱ ነው።

ካንዴላን ከሁሉም እወደዋለሁ። ሻማ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ካንድል። ሥሩ መንጣት፣ ማብራት ነው። ከዚያ ካንዲድ መጣ፤ ነገር ሳይሸፋፍን ፊት ለፊት የሚናገር፣ ልቡ ነጭ የሆነ። ካንዲዴትም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ በጥንት ሮም ለሹመት የሚወዳደር ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ ሕዝብ ፊት ይቀርብ ነበርና። (በኛ አገር ነጭ ለባሽ ሌላ ነገር ነው፣ አንገባበትም።)

ፋብሪካስ? የኛን የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውሰጂ። ፋብሪካ የጣልያን ቃል ነው። የሚያመርተው ጨርቅ በእንግሊዝኛ ፋብሪክ ነው። ሁለቱም የእጅ ባለሙያ ከሚል አንድ የላቲን ቃል ወጥተዋል። ፋብሪኬት ደግሞ መሥራት ነው፣ ውሸትም ይሠራበታል። «ማስረጃ ፈበረከ» እንል የለ? ያው እሱ ነው።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። ገበሬው መጠየቅን በድሮ ቃሉ አስክ ሲል፣ በላዩ ኩዌስችን ከፈረንሳይኛ፣ ኢንተሮጌት ከላቲን ተደረበ። ከባድ የሚባለው ቃል አብዛኛው ከላይ የተደረበው ነው። ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ደግሞ የላቲን ልጆች ናቸው። የጋራዥ ልጅ ሳያውቀው ግማሹን ይዞታል።

ጋራዥ የለኝም እንዳትዪኝ። አንቺ ፎቶ ኮፒ ቤት አለሽ! ፎቶ በግሪክ ብርሃን ነው። ፎቶሲንተሲስ በብርሃን ማዘጋጀት ነው፣ 9ኛ ክፍል ተምረሽዋል። ኮፒ የመጣው ኮፒያ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ መትረፍረፍ ማለት ነው። ወረቀትሽ ላይ ኮፒየስ የሚል ካለ «የተትረፈረፈ» ይላል። ማሽንሽ ወረቀት ሲተፋ እያየሽ ያዢው።

የባቲ_ሰኞ

ወላሂ ጋሼ፣ ፍሬኑን ካነበብኩ በኋላ ሥራ መሥራት አቅቶኛል። ፋርማሲ ውስጥ ነኝ፤ በመድኃኒቱ ሁሉ ስም ላይ ሥር ስፈልግ አንድ አዛውንት ቆመው ይጠብቁኛል።

ጋሼ የነገሩሽ ስለ ማሰሪያው ነው። እኔ ስለ መከለሱ ልጨምር። ልጅ ሆኜ ባቲ ቁርአን ስቀራ ሸኻችን አዲሱን ከመስጠታቸው በፊት የትናንቱን ያሰሙን ነበር። ከዚያ የሳምንቱን። ከዚያ ደግሞ ድንገት የቆየውን ይጠይቁናል፣ እሱ ላይ ነው የምንያዘው። ሙራጀዓ ይባላል፣ መመለስ ማለት ነው። ያልመለስከው ጥሎህ ይሄዳል ይሉን ነበር። አንቺ 20 ቃል ታስገቢያለሽ፣ ነገ ሌላ 20 ታስገቢያለሽ። መመለሻው የታለ?

ፈረንጆቹም ደርሰውበታል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ፣ ስንቱ እንደጠፋው እየቆጠረ እ.ኤ.አ. በ1885 መጽሐፍ አወጣ። ከግማሽ በላዩ በአንድ ቀን ውስጥ ይበናል። ቀን እያራራቁ ሲመለሱበት ግን ይጸናል። ላይትነር የሚባል ሌላ ደግሞ በሳጥን አደረገው። ለአንቺ ይኼ ቀላል ነው። የተበላሸ ኮፒ ታጥያለሽ? ጀርባውን በመቀስ ቆራርጪው። በአንድ ፊት ቃሉን፣ በሌላው አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ሦስት ካርቶን አስቀምጪ። የመጀመሪያውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛውን በየሳምንቱ ታያለሽ። ያወቅሽው ወደ ቀጣዩ ካርቶን ያልፋል፤ የረሳሽው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በቀን ከሰባት ቃል አትለፊ።

ዐረብኛም አለ ደግሞ፣ ጣልያን ብቻ አይመስገን! መጋዘን የምንለው ከዐረብኛው መኽዘን ነው፣ ዕቃ ማከማቻ። እንግሊዝኛው ማጋዚንም ከዚያው ነው፤ መጽሔቱም የጽሑፍ ማከማቻ ነው፣ የጠመንጃ ጥይት መያዣውም ማጋዚን ይባላል። የታክሲ ታሪፍም ዐረብኛ ነው፤ ተዕሪፍ፣ ማሳወቅ። ተሳፋሪና ረዳት የሚጣሉበት ቃል ትርጉሙ «ማሳወቅ» መሆኑ ይገርመኛል።

አንድ ደግሞ ከሙያዬ። ማላሪያ የጣልያን ቃል ነው። ማላ መጥፎ፣ አሪያ አየር። ሰው ከረግረግ የሚነሳ መጥፎ አየር ነው የሚያመው ብሎ ያምን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ሮናልድ ሮስ ተውሳኩን ትንኝ ሆድ ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ። ከሚሴና ባቲ ቆላው ላይ ወባ የያዘው ሰው ማል የሚለውን አይረሳም። ማልኑትሪሽን፣ ማልፈንክሽን፣ ማሊሽየስ፤ ማል ካየሽ ክፉ ነገር መጣ በይ። ፊቱ የተኮሳተረ ነው፣ ጋሼ እንዳሉት።

ዋድላ_ላይ

ሁላችሁም አስደሰታችሁኝ፤ ግን ትንሽ ልከራከር። ቅኔ ቤት ነው ያደግኩት። ከቃል ሥር ጋር መጫወት ምን ያህል እንደሚያሰክር አውቀዋለሁ። ሰሙን ይዞ ወርቁን መሳት የሚባል ነገር አለ።

ለምሳሌ «ኢን» የሚለውን ውሰዱ። በግዕዝ «ኢ» አፍራሽ ናት፤ ኢሰብአዊ፣ ኢፍትሐዊ። እንግሊዝኛው ኢንሂዩማን፣ ኢንጀስቲስ ሲል ደስ አለኝ። በየቦታው ገጠምኳት። ከዚያ ኢንቫሉአብል መጣ። ዋጋ የሌለው ብዬ መለስኩ። ለካ ዋጋ የማይተመንለት፣ እጅግ የከበረ ነው! ኢንፍላመብልም የማይቃጠል አይደለም፣ ቶሎ የሚቀጣጠል ነው። የነዳጅ ቦቴ ላይ ተጽፎ ያየ ሰው በኔ ትርጉም ቢሄድ ሲጋራ ሊለኩስ ነው። ሥሩ ማስታወሻ ነው እንጂ ትርጉም አይደለም። ፍቺውን ከዓረፍተ ነገሩ ውሰጂ፤ ሥሩን እንዳይጠፋሽ እሰሪበት።

ከቤተ ክርስቲያን በኩል የሚጠቅምም አይጠፋም። ኤጲስ ቆጶስ ግሪክ ነው፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ፣ ጠባቂ። ቆጶስ የሚለው ቴሌስኮፕና ማይክሮስኮፕ ውስጥ ያለው ማየት ነው። «ኤጲ» ደግሞ ኤፒደሚክ ውስጥ አለ፤ በሕዝብ ላይ የወረደ።

ሌላው፣ ያ የ500 ቃል ወረቀት የማን ምርጫ ነው? ለማስተርስ ፈተና የሚያስፈልግሽ አስገራሚው ቃል ሳይሆን በየጽሑፉ የሚደጋገመው ነው። ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ምሁር የዩኒቨርሲቲ ጽሑፎችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ2000 አንድ ዝርዝር አውጥታለች፤ 570 የቃል ቤተሰቦች። አናላይዝ፣ ኮንቴክስት፣ ሲግኒፊካንት የመሳሰሉት ናቸው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አያስደምሙም፤ ፈተናው ላይ የሚመጡት ግን እነሱ ናቸው።

የመካኒክ_ልጅ (ኮምቦልቻ)

ዋድላ፣ ተሸንፌያለሁ። ኢንፍላመብልን ያመጣብኛል ብዬ ስፈራ ነበር። የጋራዥ ልጅ ሆኜ የቦቴው ነገር ሊጠፋኝ አይገባም ነበር።

ሉክና_ቀለም (ደሴ)

ስላረፈድኩ ይቅርታ፤ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሰሞን ሆኖ ሱቁ ፋታ አልሰጠኝም። ሦስቱን ካርቶን ከጀመርኩ ዛሬ 16 ቀኔ ነው። አንደኛው የጫማ፣ ሁለቱ የሳሙና ናቸው። በቀን ሰባት አልቻልኩም፣ አምስት ነኝ። ፊት መሳሉ ይመቸኛል፤ ብቻ የኔ የሚስቀውም የሚያለቅስ ይመስላል። ኮፒየስን ግን ማሽኑ ወረቀት በነከሰ ቁጥር እየተሳደብኩ አስታውሰዋለሁ።

የ500ውን ወረቀትም አልጣልኩትም፤ እንጀራዬ ነው። ግን ዋናውን አውጥቼ በፍሉድ «ታዋቂ» የሚለውን አጠፋሁና «በክፉ ሥራው ስሙ የወጣ» ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። መስመሩ አልበቃ ብሎ ወደ ላይ ታጠፈ። ትናንት አንድ ልጅ ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ አስተያየው።

«የጓደኛዬ ላይ ታዋቂ ነው የሚለው» አለኝ።

«የጓደኛህ ተሳስቷል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከፍዬበት ነው የተማርኩት» አልኩት።

ትንሽ አሰበና ሁለት ኮፒ አዘዘ፤ አንዱን ለጓደኛው።